ዳንቴል እየሠሩ ዝግ ያለ ቴሌቪዥን ማየት፦ ከክሩ ኳስ እስከ መጨረሻው ጣቢያ

እናቴ ቤት ዳንቴል የቴሌቪዥን ልብስ ነበር። ማታ ዜናው ሲያልቅ በመስታወቱ ላይ ይወርዳል፤ በማግስቱ ተገልጦ ወደ ላይ ይታጠፋል። በልጅነቴ ሁለቱ አብረው የማይሆኑ ነገሮች ይመስሉኝ ነበር፤ አንዱ ሲታይ ሌላው ይሸፈናል። አድጌ ኪሮሽ (የዳንቴል መሥሪያውን መንጠቆ) ስይዝ ይህን ደንብ ጣስኩና ዋጋዬን አገኘሁ። ተከታታይ ድራማ እያየሁ ትልቅ የጠረጴዛ ዳንቴል ጀመርኩ። በድራማው ውስጥ ባልየው ሲዋሽ በተያዘበት ሌሊት፣ ዐሥራ ሁለት መሆን የነበረበትን ሰንሰለት ዐሥራ አራት እያደረግሁ ነበር። ያወቅሁት ከሦስት ዙር በኋላ፣ ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ሲኮማተር ነው። ሦስቱንም ዙር ተረተርኩ።

ስተረትር ሌላም ነገር አየሁ። ልብ በሚሰቅለው ትዕይንት ጊዜ የሠራሁት ክፍል ጥብቅ ብሏል፤ ማስታወቂያ በነበረበት ሰዓት የሠራሁት ደግሞ ላላ ብሏል። ክር የእጅን ጭንቀት ይመዘግባል። የትኛው ክፍል ላይ ምን እንደተፈጸመ ከዳንቴሉ ላይ ማንበብ ይቻል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኪሮሽ ስይዝ የማየው ምንም የማይሆንበትን ቴሌቪዥን ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን በሰፊው ያስተዋወቀው የኖርዌይ የሕዝብ ጣቢያ ኤንአርኬ ነው። ከበርገን ወደ ኦስሎ የሚወስደው የባቡር መስመር 100 ዓመት ሲሞላው፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 2009 ጣቢያው ጉዞውን ከመነሻው እስከ መድረሻው ከሰባት ሰዓት በላይ አሳየ። ያኔ አምስት ሚሊዮን የማይሞላ ሕዝብ ካላት አገር ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚሆን ሰው ከጉዞው የተወሰነውን ተመለከተ። እዚያ አገር ስሙ «ሳክተ ቲቪ» ነው፤ ቀስ ያለ ቴሌቪዥን ማለት ነው፤ እኔ ዝግ ያለ ቴሌቪዥን እለዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው ከዳንቴል ጋር እንዴት እንደሚያስኬዱት ነው።

1. መጀመሪያ ሥራውን ይለዩ

የእጅ ሥራ ሁሉ ቴሌቪዥን አይችልም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ዓይንዎን ይጨፍኑና ዐሥር ሰንሰለት ይሥሩ። ጣትዎ ቀዳዳውን ራሱ ፈልጎ ካገኘ ሥራው ለቴሌቪዥን ደርሷል። ካላገኘ ገና ነው፤ ሌላ ሳምንት በጸጥታ ይሥሩት።

ክብ ዳንቴል ከሆነ እምብርቱን፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹን አራት ወይም አምስት ዙሮች፣ ቀን በመስኮት ብርሃን ይጨርሱ። በየዙሩ ስንት እንደሚጨመር የሚወሰነው እዚያ ነው። የመጨረሻው ጠርዝም እንዲሁ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ይሠራል። ለባቡሩ የሚተርፈው መካከሉ ነው፤ እሱም ሰፊ ነው። ከዚህ ይበልጥ የሚመቸው ተመሳሳይ ትንንሽ ካሬዎች እየተሠሩ በኋላ የሚጋጠሙበት የአልጋ ልብስ ነው። አንዱ ካሬ ቢበላሽ የሚተረተረው እሱ ብቻ ነው። ሹራብ ለሚሠሩ ጀርባው ይመረጣል፤ አንገትና ብብት ለሌላ ቀን ይቆይ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ፈትል ነው። የክሩን ውፍረት የሚያውቀው ጣት ነው፤ እንዝርትም ሲወድቅ ራሱ ይናገራል። ባዘቶ ይዘው የተቀመጡ እናቶች ዓይናቸውን ሳያወርዱ የጎረቤትን ወሬ እስከ ሥሩ ይከታተሉ የነበረው ለዚህ ነው።

ስፌት መካከል ላይ ነው። አክርማውን በስንደዶ እየጠቀለሉ ነጩን ክፍል ሲሰፉ ቀና ብሎ ማየት ይቻላል። አለላው ገብቶ ሐረጉ ሲጀመር ግን ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ወስፌ ስሕተትን የሚያስከፍለው ከአውራ ጣት ነው። የስንደዶው መንከሪያ ውሃም ከቴሌቪዥኑ ገመድና ከኤሌክትሪክ ማከፋፈያው በደንብ ይራቅ። ጥልፍን በቴሌቪዥን ፊት አልመክርም፤ እያንዳንዱ የመርፌ ውጊያ ዓይን ይፈልጋል፤ ለእሱ ሬዲዮ ይሻላል።

2. ፊልሙን ይፈትኑት

የሚያዩትን ነገር አስጀምረው ጀርባዎን ይስጡት፤ ቡና ይቁሉ፤ ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ይመለሱ። «ምን አመለጠኝ?» የሚል ጥያቄ ከመጣብዎ ፊልሙ አልሆነም።

ባቡር ይህን ፈተና በቀላሉ ያልፋል። ሐዲዱ ወደ እርስዎ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ዛፍ፣ ሐይቅ፣ ጣቢያ፣ ደግሞ ዛፍ። ካሜራው አንድ ቦታ ላይ የተተከለ ቢሆን ይመረጣል፤ ምስሉ በተቀያየረ ቁጥር ዓይን ሳይወድ ይነሣል። ኤንአርኬ የበርገኑን ጉዞ ቀረጻ ማንም በነፃ አውርዶ እንዲጠቀምበት ለቆታል፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሰዎችም በዚሁ መስመር ላይ ከባቡሩ ፊት የቀረጿቸው ረጃጅም ፊልሞች በዩቲዩብ ላይ ሞልተዋል። በቴሌቪዥን የተላለፈው ዝግጅት ቃለ መጠይቅ ነበረው፤ ባቡሩ ዋሻ ሲገባም የቆዩ ፊልሞች ይገቡበት ነበር። ለዳንቴል የሚሻለው የፊት ካሜራው ብቻ ያለበት ነው።

ጀልባም ጥሩ ነው። ይኸው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በጁን 2011 ከበርገን እስከ ኪርከነስ የሚጓዘውን የባሕር ዳርቻ መርከብ 134 ሰዓት በቀጥታ አስተላልፏል። ወቅቱ በሰሜን ፀሐይ የማትጠልቅበት ስለነበር ሌሊቱም ብርሃን ነው። አንድ ሙሉ የአልጋ ልብስ የያዘ ሰው ይህንን ይጀምር፤ ከመርከቡና ከአልጋ ልብሱ የትኛው ቀድሞ እንደሚደርስ እኔ አልወራረድም።

እሳትም አለ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2013 ስለ ማገዶ የተሠራ የ12 ሰዓት ዝግጅት ነበር፤ ስምንቱ ሰዓት ምድጃ ውስጥ የሚነድ እንጨት ብቻ ነው። ለጆሮ እጅግ ደስ ይላል። ለዓይን ግን እሳት እየተንቀለቀለ ብርሃኑን ስለሚለዋውጥ ነጭ ክር ላይ ይረብሻል፤ እኔ የምጠቀምበት ክር ስጠቀልል ብቻ ነው።

ስዊድኖች እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በየፀደዩ ግዙፍ አጋዘኖች ወንዝ ሲሻገሩ ለሳምንታት ሌሊትና ቀን ያሳያሉ። ብዙ ሰው ይወደዋል፤ እኔ ግን ለእጅ ሥራ አልመርጠውም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ውሃ ብቻ ይታይና አጋዘኑ ብቅ ሲል ሰው ሁሉ ብድግ ይላል፤ ኪሮሹም ከክሩ ዓይን (ከቀለበቱ) ይወጣል።

ከእኛው ቴሌቪዥን ለዚህ የሚቀርበው የጥምቀት ቀጥታ ሥርጭት ነው፤ ጉዞው ዝግ ያለ ነው፣ ዜማው ሰፊ ነው፣ እጅ አብሮት ይሄዳል። ማራቶን ደግሞ አታላይ ነው። እስከ 30ኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ከዳንቴል ጋር የሚስማማ ነገር ይመስላል። ከዚያ በኋላ ግን የእኛ ልጆች ከፊት ካሉ ዳንቴሉን አስቀምጦ ቆሞ ማየት ነው፤ የቀሩትን 12 ኪሎ ሜትሮች የሠራ ሰው የሚተረትረው አያጣም።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ልጨምር። ቁጥር የሚቆጠርበት ሥራ ላይ አማርኛ ንግግር ጠላት ነው። «ስምንት፣ ዘጠኝ» ሲሉ ቴሌቪዥኑ «አምስት ሚሊዮን ብር» ይልና ቁጥሩ ይጠፋል። በዚህ በኩል ኖርዌይኛ አለመቻል ትልቅ ጸጋ ነው፤ ሰዎቹ ሲያወሩ እንደ ዝናብ ድምፅ ያልፋል።

3. አስቀድመው ያውርዱት

ሰባት ሰዓት ሙሉ ከኢንተርኔት በቀጥታ ማየት ጥቅሉን ይበላል፤ በየመሃሉ የሚገባው ማስታወቂያም ከፊልሙ ይልቅ ጮክ ብሎ ስለሚመጣ እጅን ያስደነግጣል። ዋይፋይ ባለበት ቦታ ያውርዱት። ጥራቱ 480 ይበቃል፤ የሚያዩት በዓይንዎ ጠርዝ እስከሆነ ድረስ የእያንዳንዱን ቅጠል ቅርጽ ማየት አያስፈልግዎትም። እንደ ቀረጻው ቢለያይም በዚህ ጥራት በሰዓት ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። 1080 ከመረጡ መጠኑ ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ፍላሽ ላይ ገልብጠው በቴሌቪዥኑ ለሚያዩ አንድ ወጥመድ አለ። ፍላሹ ቦታ እያለው «አይበቃም» የሚል መልእክት ከሰጠዎ የተዘጋጀው ፋት32 በሚባለው አሠራር ነው፤ ይህ አሠራር ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ሁለት መፍትሔ አለ። ፍላሹን በኮምፒውተር ኤክስፋት ወደሚባለው መለወጥ (በላዩ ያለው ሁሉ ይጠፋልና አስቀድመው ይገልብጡ)፣ ወይም ፊልሙን ለሁለት መቁረጥ። አሮጌ ቴሌቪዥኖች ኤክስፋትን አንዳንዴ ስለማያነቡ እኔ መቁረጡን እመርጣለሁ። የተቆረጠበት ቦታ ደግሞ ወገብ ማቃኛ ሰዓት ይሆናል።

4. ወንበር፣ መብራት፣ ኳስ

ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርገው ግድግዳ ላይ ከሰቀሉት ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ቀና ባሉ ቁጥር አንገት ይሰበራል። ከጭንዎ ላይ ዓይንዎን ብቻ ሲያነሡ የሚያገኙት ከፍታ ላይ ይሁን፤ ርቀቱም ሁለት ተኩል ወይም ሦስት ሜትር። የስክሪኑን ብርሃን ይቀንሱት።

ክፍሉን አያጨልሙ። በቀኝ እጅ የሚሠሩ ከሆነ መብራቱ በግራ ትከሻዎ በኩል ይምጣ፤ አለበለዚያ የእጅዎ ጥላ በሚሠሩት ላይ ይወድቃል። ግራኞች ተቃራኒውን ያድርጉ። ጭንዎ ላይ ለነጭ ክር ጠቆር ያለ ጨርቅ፣ ለጠቆረ ክር ነጭ ጨርቅ ያንጥፉ፤ ቀዳዳዎቹ ጎልተው ይታያሉ። ጥቁር ክር በማታ አይጀምሩ። ይህን ምክር ሰጥቼው የሰማኝ ሰው እስካሁን የለም፤ ሁሉም አንድ ጊዜ ሞክሮ ይተወዋል።

የክሩ ኳስ እየተንከባለለ ከሶፋ ሥር መግባቱ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሥራ ያስፈታል። ኳሱን ማንቆርቆሪያ ውስጥ ያስቀምጡና የክሩን ጫፍ በአፉ በኩል ያውጡት፤ በልኩ እየተፈታ ይመጣል። በጀበና አይሞክሩት፤ ኳሱ በአንገቱ አይገባም፣ ክሩም ቡና ቡና ይሸታል።

ሪሞቱንና ስልኩን ተነሥተው ካልሄዱ በቀር የማይደርሱበት ቦታ ያኑሯቸው። ድምፁን የሐዲዱ ኳኳታ ብቻ እስኪሰማ ድረስ ዝቅ ያድርጉ።

5. ቁጥሩን ለዕቃ አደራ ይስጡ

ዓይን ወደ ስክሪኑ በሄደ ቁጥር ራስ ቁጥሩን ይጥላል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ለራስዎ አይተዉለት። በየዐሥሩ የክር ዓይን ላይ የተለየ ቀለም ያለው ቁራጭ ክር ያስሩ። የዙሩ መጀመሪያ ላይ መርፌ ቁልፍ ይሰኩ። ዙር ለመቁጠር ደግሞ ሁለት ሲኒ ይያዙ፤ በአንደኛው ሽምብራ ይኑር፤ አንድ ዙር ባለቀ ቁጥር አንድ ሽምብራ ወደ ሁለተኛው ይሸጋገር። ሽምብራው ጥሬ ይሁን። ቆሎ ካደረጉት ዙርዎን በልተው ይጨርሱታል፤ ይህን የምናገረው ከራሴ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚረዳው ግን ዓይን የሚነሣበትን ጊዜ መወሰን ነው። መሃል ላይ፣ ክሩ በኪሮሹ ላይ ተጠምጥሞ እያለ አይነሣም፤ ዐሥሩ ሲሞላ ይነሣል። መጀመሪያ ላይ ራስዎን ማስገደድ ይኖርብዎታል። ሁለት ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ እጅ ራሱ ዐሥር ሲሞላ ቆም ይልና ዓይን እንዲሄድ ይፈቅዳል።

የበርገኑ መስመር ለዚህ የተሠራ ይመስል ሌላ ደወል አለው። በመንገዱ ላይ ወደ 180 የሚጠጉ ዋሻዎች አሉ። የፊት ካሜራው ብቻ ያለበትን ፊልም ካገኙ ዋሻ ውስጥ ሲገባ ስክሪኑ ይጨልማል። ያኔ የሚታይ ነገር ስለሌለ ወደ ሥራዎ ይመለሱና የመጨረሻውን ዙር ይቁጠሩ። አብዛኞቹ አጫጭር ስለሆኑ በእያንዳንዱ መቁጠር ያደክማል፤ ጨልሞ እስከ ዐሥር ሲቆጥሩ ካልበራ ረጅም ዋሻ ነው፣ ያኔ ይቁጠሩ። ፊንሴ የምትባለው ጣቢያ አጠገብ ያለው ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በእሱ ውስጥ አንድ ሙሉ ዙር ቆጥሮ፣ የተሳሳተውን አግኝቶ፣ ማዘን ሁሉ ይቻላል።

6. ጉዞውን ይከፋፍሉ

ሰባቱን ሰዓት በአንድ ቀን ለመጨረስ አይነሡ፤ እጅ የሚታመመው እንደዚያ ነው። እኔ በጣቢያ እከፍለዋለሁ። ከበርገን ቮስ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፤ ለአንድ ማታ በቂ ነው። ከቮስ በሚርዳል በኩል ወደ ፊንሴ መውጣት ሌላ ማታ። ፊንሴ ከባሕር ወለል በላይ 1,222 ሜትር ላይ ናት፤ ለእኛ ቆላ በሚባል ከፍታ ላይ እዚያ ዛፍ እንኳ አይበቅልም። ከዚያ ቁልቁል ወደ ያይሎ፣ ቀሪው ወደ ኦስሎ።

ባቡሩ ጣቢያ ላይ ሲቆም እርስዎም ኪሮሹን ያስቀምጡ። ጣቶችዎን ዘርግተው ይጨብጡ፣ አንጓዎን ያዙሩ፣ ትከሻዎን ያውርዱ። የአውራ ጣትዎ ጫፍ ከደነዘዘ የዚያ ቀን ሥራ አብቅቷል፤ ባቡሩን ብቻ ይዩ። ዓይንም ዕረፍት ይፈልጋል፦ በየ20 ደቂቃው፣ ለ20 ሰከንድ፣ ስድስት ሜትር ያህል የሚርቅ ነገር ይመልከቱ። ቴሌቪዥኑ ስድስት ሜትር አይርቅም፤ በመስኮት ወደ ውጭ ይዩ።

ኖርዌያውያን ራሳቸው ይህን አካሄድ አንድ ጊዜ ተጣድፈውበታል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2013 ኤንአርኬ የሹራብ ሌሊት አዘጋጀ። ለአራት ሰዓት ስለ ሹራብ ሲወራ ቆየና በጉን ሸልቶ፣ ሱፉን ፈትሎ፣ ሹራብ እስከ ማድረግ ድረስ በቀጥታ ታየ። የአውስትራሊያውያንን የ4 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ክብረ ወሰን ለመስበር ነበር፤ ከስምንት ሰዓት በላይ ፈጀባቸው። ለአንድ ባና የሚሆን ሱፍ የፈተለች የመንዝ ሴት ይህን ብትሰማ በመሸነፋቸው ሳይሆን በስምንት ሰዓት በመጨረሳቸው የምትገረም ይመስለኛል።

7. ያቆሙበትን ይጻፉ

ዙር ሳይሞላ አይነሡ። መብራት ድንገት ከጠፋ ግን ምርጫ የለም፤ የመጨረሻውን ዓይን ረዘም አድርገው ስበው መርፌ ቁልፍ ያስገቡበት፣ በጨለማ ቢጎተት አይተረተርም። ከሥራው ጋር ትንሽ ወረቀት ይኑር፤ በእሱ ላይ ጣቢያውን፣ የፊልሙን ሰዓትና ዙሩን ይጻፉ። የእኔ የመጨረሻ ጽሑፍ «ያይሎ ደርሷል፣ 31ኛ ዙር» ይላል።

ከእሱ በላይ ግን ሌላ መስመር አለ። ባለፈው ጊዜ አክስቴ ሊጠይቁኝ መጡ፤ እንዝርታቸውን ከቦርሳ ሳያወጡ የትም አይቀመጡም። ስክሪኑን ትንሽ አዩና «አንቺ ልጅ፣ ይኼ ነገር ተበላሽቶ ነው?» አሉ። «አይደለም እቴቴ፣ ባቡር ነው» አልኳቸው። «ባቡርማ ባቡር ነው፤ ሰዎቹስ?» ሰው እንደሌለ ስነግራቸው አዝነውልኝ ዝም አሉ፤ ፈትላቸውን ቀጠሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ባቡሩ ከአንድ ረጅም ዋሻ ሲወጣ ቀና ብለው «ያ ወንዝ የት ሄደ? በግራ በኩል አብሮን ነበር» አሉ። አላውቅም ነበር፤ እኔ ዙር እየቆጠርኩ ነበር። ፊንሴ ላይ ታክሲያቸው መጣ። ነጠላቸውን እያጣፉ «እኔ ሳልመጣ ከዚህ እንዳታንቀሳቅሺው» ብለውኝ ሄዱ።

ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ሁለት ቦታ ተጽፏል፦ የእኔ ያይሎ፣ የእሳቸው ፊንሴ። ቅዳሜ ሲመጡ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ።